ጥግ ላይ የቆሙት

ኮቺ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
ክፍል ተከራየሁ፤ ገና ቁልፉን ሳልይዝ ዝናብ ቀድሞኝ ገባ።
ከትሪየስቴ ያመጣሁት ሁለት ሌንስ፣ አንድ ጃንጥላ፣
እሱም የተቀደደ፣ ለፀሐይም ለዝናብም የማይሆን ከለላ።

ቀለም ቀቢው መጥቶ ሰሌዳ ሲጽፍልኝ
አንድ ፊደል ዘሎ፣ «ግድ የለሽም» አለኝ፤
«ሰው ሥዕል ነው የሚያይ።» እውነቱን ነበረ፣
ፊደሉ ሳይመጣ ሥራው ተጀመረ።

ሐሳቤን ለባንኩ ሳስረዳ ሳስረዳ፦
መንገደኛ ይመጣል፣ ክንዱን ዘርግቶ ራሱን የሚያነሣ፣
ከጀርባው ያለውን አገር የሚረሳ።
ለአንድ ሰዓት ብቻ የሰፈር ሰው ቢቀጥር፣
ካሜራ የሚወድ፣ ብርሃን የሚቆጥር፣
እሱ ፎቶ ያገኛል፣ ያኛው የድካሙን ዋጋ።
ሰውዬው ዝም አለ፣ ማራገቢያው ብቻ ከላይ ሲያወጋ።
ብድሩን ከልክሎኝ፣ ካርዴን ግን ያዘና
«ልጄ ፎቶ ትወዳለች» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና።

ማስታወቂያ ባወጣ ባለሙያ ጎረፈ፣
ሙሽራ ያነሣ፣ መብራትና ሻንጣ በሬ ላይ ያሰለፈ።
አመሰገንኩና ሸኘኋቸው ሁሉን፤
የምሻው ሌላ ነው፣ ፍቅር የያዘውን፣
ማንም ሳይከፍለው፣ ለማንም ሳያሳይ፣ በየሳጥኑ ሥር ፎቶ ያከማቸውን።

ቫርጊስ እንዲህ መጣ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
ከወንበሩ ሥር ካሜራ አውጥቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
«ክፍያው» አለኝ፣ «በሰዓት ነው ወይስ በጠቅታው?
በጠቅታ ከሆነ እከስራለሁ፣ እኔ አንድ ነው የማነሣው፤
አንዷ እስክትመጣ እቆማለሁ።»
በሰዓት ተስማማን።

ሱሎቻና መጣች፣ የባንኩ ሰው ልጅ፣ ፋርማሲ የምትሠራ፣
የሐኪምን ጭረት ከጭረት ለይታ አንብባ የምታጣራ።
የሷ ፎቶ ሁሉ እጅ ነው፦ ክኒን የሚቀበል፣ ሳንቲም የሚቆጥር፣
ሌላ እጅ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚቀር።

የፊተኞቹ ደንበኞች ከሮተርዳም ናቸው፣
ነጭ ለብሰው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የቻይና መረብ ከኋላቸው።
ቫርጊስን ላክሁት። ማታ ፎቶው መጣ፤
ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ሳይጠጣ።

መረቡ ከውኃው እየተነሣ፣ ያንጠባጠበው ብርሃን ይሁን ባሕር ሳይለይ፣
ኩንጁሞን ገመዱን በቁመቱ ሲስብ፣ ጅማቱ ተገትሮ ክንዱ ላይ፤
ሦስት ድመት ከሥሩ፣ አንገት አስግገው ዓሣውን ሲያዩ፣
ደንበኞቼ ደግሞ፣
ጥግ ላይ፣ በግማሽ ፊት፣ አፍ ከፍተው፣ ከድመቶቹ እኩል ሲያዩ።

«ገንዘባችን ይመለስ!» መለስኩ፣ ሙሉውን።
ከዚያ በቫርጊስ ላይ ጮህኩ፣ ያልበረደልኝን፦
«ከፋዮቹ እነሱ! ለምን ጥግ አስያዝካቸው?» አልኩት።
ሞተሩን አጠፋ። «ኮቺ ላይ አንሣን ነው ያሉኝ፤ ኮቺን አነሣሁት።
እነሱም አሉበት።»
ምን ይባላል ለዚህ?
የሰዓቱን ከፈልሁት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ መንገደኛ አስቀረ፣
ኪራዩ ግን በሰዓቱ ደጄን ቆረቆረ።
ሱሎቻና ያን ፎቶ ሚስማር መትታ ሰቀለች፤
ለምን ብዬ አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረች።

አንድ ጠዋት ኩንጁሞን ገባ፣ እግሩ ወለሉን እያራሰ፣
ፎቶው ፊት ቆመና ክንዱን በክንዱ ዳሰሰ።
«ይሄ» አለ፣ «የአባቴ ክንድ ነው።
እኔ ላይ መኖሩን ዛሬ ገና ነው የማየው።»

«ስንት ነው?» አለኝ። በነፃ ውሰድ ስለው ተቆጣ።
ተከራከርን፣ የተገላቢጦሽ፣ እኔ ስወርድ እሱ ሲወጣ፤
ከሩፒ ወደ ዓሣ ዞረን ሁለት ላይ ጸናን።
እጅ ተመታታን።

በደብተሬ አሰፈርኩ፦ ገቢ፣ ሁለት ዓሣ።
ቀና ሳልል ገና፣ ከበሩ ሥር ድመት ብድግ ብሎ ተነሣ፣
አንዱን ይዞ ወጣ።

«ግብር» ብዬ ጻፍኩ።