ሰባት ሰከንድ

ከስታዲየም ማዶ፣ ከአምባሳደር ጀርባ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል አለች፣ ፀሐይ የማትገባ።
እዚያ ነው ወንበሬ።
ፊት ለፊቴ ቀይ ቁልፍ፣ የጣቴ ጎረቤት፤
አገር የሚሰማውን፣ ሰባት ሰከንድ በፊት፣
እኔ የምሰማበት።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ነውር ሲመጣ መጫን፣
ነውር ከሌለ ደግሞ የሰው ሳቅ መመዘን።

የበዓል ዋዜማ ነው። በቀጥታ ስርጭቱ
ኮሜዲያን ደርቤ፣ ላብ ወርዶ ከፊቱ፣
አዳራሹ ቢቀዘቅዝ፣ ሳቅ ቢነጥፍበት፣
አንዲት ቃል አመለጠችው፣ ሳያስብ፣ በድንገት።
የኳስ ሜዳ ቃል ነች፣ እናትን ነጠላ ጫማ የምታስወልቅ፤
እዚህም አልጽፋት፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቅም አይወቅ።

እኔስ? ሻይ ላይ ነበርኩ፣ ስኳር እያማሰልኩ።
ሰባት ሰከንድ ማለት፣ ኋላ እንደቆጠርኩ፣
ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ዞራ፤
ጣቴ እስኪደርስ ቃሏ በየሳሎኑ ገብታ
ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ከልጆቹ ጋራ።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ልጅ አሳዳጊ ሆነ።
ከሜክሲኮ ለገሃር በሚጭነው ሚኒባስ
ረዳቱ ሂሳብ ረስቶ «ሰማችሁ?» ይላል፤ ያልሰማ ካለማ
ይደግምለታል ቃሏን፣ ማንም እንዳይቀር ሳይሰማ።
ብሔራዊ ቴአትር ጥግ ጫማ የሚያስጠርጉ ሁለት ጡረተኞች፣
«በእኛ ጊዜ ቢሆን!»
«በእርስዎ ጊዜማ ቴሌቪዥኑ መቼ ነበረ?»
ቃሏ ከአንዱ አፍ ወጥታ ወደ ሌላው ገባች።
ሊስትሮው፣ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው፣
ሳጥኑን በብሩሹ መታ አደረገ፤
እግር ቀይሩ ማለቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ምሽት ውይይት ተጠራ።
«ልጆቻችንን እንታደግ» ይላል ከኋላ የተወጠረው ጨርቅ።
አቶ ጥላዬ፣ የሕግ ሰው፣ «ስሟን ሳንጠራት በምን እንክሰሳት?»
ብለው ጠሯት።
ተጫንኩ።
ወይዘሮ አምሳለ፣ የወላጆች ሰብሳቢ፣ «እንዴት እንዲህ ይላሉ!»
ብለው ደገሟት።
ተጫንኩ።
ዶክተር ይርዳው መነጽር አውልቀው «ሥርወ ቃሏ እንኳ…» ሲሉ፣
ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ፤ ዓሣ መሰሉ፤
ከንፈር ብቻ።

መጨረሻ ላይ ደርቤ ገባ፣ ይቅርታ ሊል።
ልጅህን ይዘህ ና ብለውት ኖሯል።
ኢዮስያስ፣ ስድስት ዓመቱ፤ አዲስ ሸሚዝ፣
የካርቶኑ እጥፋት ከደረቱ ያልጠፋ።
አቅራቢዋ ጎንበስ ብላ ማይኩን አስጠጋችው፤
«አባትህ ያለው ነገር ጥሩ ነው? እስቲ ለሕዝቡ ንገር፣ የኔ ቆንጆ።»
ልጁ አባቱን አየ። አባቱ መሬት አየ።
ማንም ክፉ ቃል አልተናገረ።
አንድ። ሁለት። የልጁ አገጭ ተንቀጠቀጠ።
ሦስት። «ቀረብ በል፣ እንባው ይታየኝ» አለ ዳይሬክተሩ በጆሮዬ።
አራት።
አምስት ላይ ተጫንኩ። ጣቴንም አላነሣሁ።
አገሩ ጨለመ።

ደረጃውን ሳልወርድ ደብዳቤ ተሰጠኝ፣ ከጽሑፉ ማኅተሙ የሚበልጥ፤
«ነውር ባልተሰማበት ቁልፍ በመጫንዎ…»
ቀሪውን በኪሴ አጠፍኩት።

ሶልያና አልተኛችም።
«አባዬ፣ ልጁ ሊያወራ ሲል ቴሌቪዥኑ ለምን ጠፋ?»
«መብራት ሄዶ ነው» አልኳት።
ካልሲዬን እስካወልቅ አሰበችበት።
«የእኛ ግን አልሄደም ነበር።»