አሽጌያት ነበር

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ጣና ሲተነፍስ፣
ጤዛው ከስኒው ጫፍ በጠብታ ሲፈስ፣
ትራንስፎርመሩ ያማል፣ ቀስ በቀስ።

ያማል።
ሐሜት በሉት ሕመም፣ ሁለቱም ልኩ ነው፤
ጆሮ ላለው ሁሉ ከወዲሁ የሚነግረው
መብረቅ ያልደረሰ፣ እሳት ሆኖ ያልጠና፣
ከፊል ብልጭታ ነው፣ በወረቀት ጓዳ፣ በዘይት ጎዳና፤
ነቀዝ በማሽላ ውስጥ እንደሚያደርገው
ቅርፊቱን ሳይነካ ልቡን የሚበላው።

ባሕር ዳር ሰብስቴሽን ሃያ ሁለት ዓመት ተረኛ ነበርኩኝ፤
በገዛ ጆሮዬ ስሰማው ከረምኩኝ።
ኋላ ሠራሁለት አንዲት ትንሽ ጆሮ፣
የራዲዮ ሽቦ ከመዳብ ቁራጭ ጋር ተቋጥሮ።
የመጀመሪያይቱን የሐይቅ ትንኝ ገባባት።
ሁለተኛይቱን እርጥበት በላት።
ሦስተኛይቱ ላይ ሸረሪት አደራች፤
ሳምንት ሙሉ በሐሰት «አደጋ!» ስትል ባጀች።

በአራተኛይቱ አበጀ ደረሰልኝ፣ ጀልባ ጠጋኙ።
«ውኃን ከውጭ ብቻ ብትዘጋበት» አለኝ፣
«ከውስጥ ያገኝሃል።
የቀረው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያልበዋል።
ፊት ባዶውን አውጣ።»
ኢፖክሲውን አሞቅን፤ በሱ ፓምፕ አየሩን ስበን
ሞላናት እስከ አፏ፣ አንዲት ሥሥ መስኮት ትተን፣
ብልጭታው የሚሰማባት፣ ጠል የማያልፍባት።
ከዚያ ወዲያ ሦስት ክረምት ዘነበባት፤
አንድም ቀን አልዋሸች።

ፓተንት ጠየቅሁ።
ደብዳቤ መጣልኝ፣ ባለ ክብ ማኅተም፦
«ማሸግ የታወቀ ነው። ጠቋሚም አዲስ አይደለም።
ሁለቱን ማጋጠም ለባለሙያ ግልጽ ነው።»
ጌታዬ መርማሪ፣ ያ ባለሙያ ማነው?
ግልጽ ከሆነለት ምነው አንድ ሌሊት አልቆመ ከጎኔ፣
በባትሪ ብርሃን ትንኝ ስለቅም እኔ?
ያለቀ ነገር ሁሉ ቀላል ነው፣
ካለቀ ወዲያ።

ይህን ስጽፍ ብዕሬን ኩራት ኩራት አለው።
ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቀዘቀዘ።
«መስከረም ሁለት ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዐውደ ርእይ፣
ፖሊ ግቢ ውስጥ፣
አመልካቹ ራሱ ፈጠራውን ለሕዝብ አሳይቷል።
ማመልከቻው የገባው ጳጉሜን ሦስት።
የተፈቀደው አሥራ ሁለት ወር
በአንድ ቀን አልፏል።»

እውነት ነው። አንዲት ተማሪ፣ ውዴነሽ የምትባል፣
«ጋሼ፣ ውስጧ ምን አለ?» ስትል እንዴት ዝም ይባላል?
አንዷን በመጋዝ ሰነጠቅኳት፣ እንደ ብርቱካን፤
መስኮቷን፣ መዳቧን፣
አየር የሌለባት ሆዷን ቆጠርኩላት።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ!
ጠል እንዳይገባባት እሷን አሽጌ፣
የገዛ አፌን ረሳሁ፤ ክፍት አደረ እንደ በር አሮጌ።

አንቺ ጳጉሜ!
ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ደመወዝ አልቆጠርሽልኝ፤
አከራዬ እንኳ «ወር አትባልም» ብሎ ኪራይሽን ተወልኝ፤
ዛሬ በኔ ላይ ሲሆን እንዴት ወር ሆንሽብኝ?

ለመልስ ስድሳ ቀን ሰጥተውኛል። አርባው አልፏል።
ትናንት ውዴነሽ መጣች፣
አምስት ጠቋሚ ራሷ ሠርታ፣ በፌስታል ይዛ።
የአንዷ ሙጫ ጎብጧል፣ የሁለቱ መስኮት ጠቧል፣
አንዷ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ትሻላለች።
አምስተኛዋ ገና አልደረቀችም።
«ጋሼ፣ ስምህን የት ልጻፍ?»
ሚስማር አቀበልኳት።
መዳቡ ላይ፣ አልኳት፤ ከውስጥ በኩል፤
ሙጫው ሳይደርቅበት።
ማንም አያነበው። ጠልም አይደርስበት።