ጉጉት በጉጉት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በመጋቢት ብርድ፣
ታይስቶ በሬን መታ፤ «ተነሽ» አለኝ፣ «እንሂድ።»
ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ፖስታ ያመላልስ ነበር፣
የካይኑን ምድር በሙሉ ከሐይቅ ሐይቅ ሲዞር።
የሞተር መጋዝ ጩኸት ጆሮውን በልቶበት፣
ቀጭን ድምፅ ከራቀው ስንት ክረምት ሆነበት።
ድንክዬዋ ጉጉት ጎህ ሲቀድ ብታፏጭ፣
ለእሱ ዝምታ ነው፣ እንደ በረዶ ነጭ።

እኔ ቀኑን ዳቦ ቤት፣ ሊጥ ሳቦካ የምውል፣
ካሜራዬም ግማሹ ገና በብድር ውል።
እኔ ጆሮ ሆኜ፣ እሱ ደግሞ ዓይን ሆኖን፣
ከሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ሰው ወጣን።

«ቀስ በይ» ይላል ታይስቶ፣ «ተይ፣ አትቸኩዪ፤
ጉጉትን በጉጉት የፈለጋት አጣት፤ መሬቱን እዪ።»

መሬቱን አየሁት። ከሽማግሌ ጥድ ሥር፣
ግንዱን ይዞ የወረደ የኖራ መስመር፤
ዝቅ ብሎም ደግሞ፣ አውራ ጣት የምታህል፣
ጠጉር የለበሰች ግራጫ ድብልብል።
በወረንጦ ፈታት፣ ደብዳቤ እንደሚከፍት፤
የአይጥ ራስ ቅል ወጣ፣ ብርቱካንማ ጥርስ ያላት።
«የትናንት ማታ ናት፤ ገና አልደረቀችም፤
ላኪዋ እዚሁ ናት፣ ሩቅ አልሄደችም።»

አምና ከከተማ የመጡ ሦስት ሰዎች፣
በሣጥን አምጥተው የተገዙ አይጦች፣
በረዶው ላይ ለቀው፣ ጉጉቷ ስትወርድ፣
ዘነበባት አሉ የካሜራ በረድ።
አንደኛው በስልኩ የወንድ ጉጉት ድምፅ ከፍቶ፣
ባለ ትዳሩን ወፍ በሌለ ባላንጣ አስቆጥቶ፣
ሌሊቱን ሳያድን፣ ጥላ ሲያባርር አደረ፤
እንቁላል የታቀፈች ሚስቱ ሆዷ ባዶ ነበረ።
ታይስቶ ይህን ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ከብርድ ይሁን ከንዴት፣ ማን ለይቶ ያውቃል?

ቆምን።
አንድ ሰዓት።
ሁለት።
የእግሬ ጣቶች አሉ ወይስ የሉም፣ እንጃ።

ከዚያ «ሁ» አለ፤ ሩቅ፤ ከደረት የወጣ፣
በባዶ ጠርሙስ አፍ ንፋስ ሲገባ ሲወጣ።
ክንዱን ነካ አደረግኩት፤ እሱ ግን ቀድሞኛል፤
ይህን ወፍራሙን ድምፅ በደረቱ ይሰማል።

ከተሰበረ በርች ጫፍ፣ ግንድ የመሰለኝ ዞረ።
ግንድ አንገት የለውም፤ ይህኛው ግን አዞረ፤
ሁለት ቢጫ ዓይኖች፣ በክብ ክብ ላባ መሃል፣
ፊቱ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ ይመስላል።
አላየን አይባልም፤ አየንና ተወን፣
እንደ ሁለት ጉቶ ከበረዶ የበቀልን።

መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ፤ ጣቴ ደነዘዘ፤
ብርሃኑ ጥቂት ነው፤ ባትሪውንም ብርድ ያዘ።
ከዚያ ክንፉን ከፈተ፤ ያለ አንዳች ኮሽታ፤
አንሶላ ሲታጠፍ እንኳን አለው ሹክሹክታ፤
ይህ ግን ምንም።
በላያችን አለፈ፣
የእኔና የታይስቶ ጆሮም ለአፍታ እኩል ሆነ።

ቤት ገብተን፣ ካልሲያችን ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ፣
ፎቶውን ዘረጋን፣ ሻዩ ከጎን ፈልቶ ተንተክትኮ፤
መቶ አሥሩ ደብዝዟል፤ አንዱ ዓይኑን ከድኗል፤
አንዱ ላይ ስንደርስ ታይስቶ መነጽሩን ወልውሏል።
«አቅርቢው።» አቀረብኩ። «አሁንም።» አቀረብኩ።
ከወፉ ጀርባ፣ ከጥዱ ጨለማ ውስጥ፣
ሌላ ሁለት ቢጫ ነጥብ።
ሌላ ፊት፤ የሚበልጥ።

ሴቷ ናት።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንፈልግ የዋልነውን፣
እሷ አግኝታን ኖሯል፤ ስትቆጥር ትንፋሻችንን።

ታይስቶ ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ።
«አርባ ዓመት ደብዳቤ ሳደርስ፣» አለኝ፣
«ከመጋረጃ ጀርባ ስንቱ ዓይን አጅቦኝ ይሆን?
አንዱን እንኳን ዞሬ አላየሁ።»

አሁን ፎቶው ከዳቦ ቤቱ ሚዛን በላይ ተሰቅሏል።
«የት ነው?» ይላል ገዢ ሁሉ።
«ጫካ ውስጥ» እላለሁ፣ ዱቄቴን እያራገፍኩ።
የቦታውን ስም ከፋይሉም ሰርዣለሁ፤ ከዚህም ግጥም።
ካይኑ አልኩ መሰለኝ፣ ከላይ፤
ግድ የለም፤ ሰፊ ነው።
ጥዱም ብዙ ነው።