የቦራ ጭራ

«ለወንጂ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ስጣራ፣
አቧራው ሲጋልብ ከነፋሱ ጋራ፣
ሚጀና ደረሰ፤ በጆንያ ጠቅልሎ
መሰንቆውን ይዞ፣ እንደ ሕፃን አዝሎ።
አልተሳፈረም ግን። ባጃጄን ዞራት፤
ከበስተኋላዋ ጎንበስ ብሎ አያት፤
«የዚችስ ጭራ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ተራ አስከባሪው ሳቀ። እኔንም ሳቅ ያዘኝ።
እሱ ግን አልሳቀም።

«ከቦፋ ነው የመጣሁ፤ ጭራዬ ተበጥሷል፤
እሑድ ደግሞ የሁሪሳ ልጅ ሠርግ ደርሷል።
የዓሣ መረብ ክር፣ ናይለን ሞከርኩበት፣
ድምፁ የድመት ነው፣ በር የተዘጋበት።
ድሮ እዚህ ጥግ ላይ ስንቱ ጋሪ ቆሞ፣
ከድንጉላው ነበር የምነቅል አስቀድሞ፤
የባዝራ አይሆነኝም፣ ሽንት ይነካዋል፣
ሠርግ መሀል ድንገት ጧ ብሎ ይከዳል።
ዛሬ ሦስት እግር ነው፣ ያውም ጎማ ሁሉ፤
ፈረሶቹ የታሉ?»

ምን ብዬ ልመልስ?
አባቴ ባለ ጋሪ፣ ፈረሱ ደግሞ ቦራ፤
አለንጋ መያዙ የእኔ የልጅ ሥራ።
ስሚንቶ ተጭኖ በቦኩ ዳገት ላይ
እግሩ ሲብረከረክ፣ አረፋ ሲተፋ ሳይ
ገረፍኩት። ደገምኩት።
አንድ ቀን አልጮኸም።
ጆሮውን ወደ ኋላ እጥፍ ያደርግና
ይስባል እንደገና።

ቦራ ሲሞት አባቴ ጭራውን ቆረጠ፤
ከወይራ እንጨት ጋራ አስሮ አስቀመጠ።
ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ
ዝንብ ያባርርበታል፣ ሬዲዮ አዳምጦ።

ሚጀናን ይዤው ሄድኩ። አባቴ ሰማና
ጭራውን ከጭኑ ላይ አኖረና
ጣቱን በምራቁ እያራሰ፣ እንደ ጡረታ ብር
ሰባውን ዘለላ ቆጠረለት፣ ሲያቃና፣ ሲደረድር።
«ዝንቡንስ ምን ላድርገው?»
«እሱን ለእኔ ተወው። ስዘፍን ይሄዳል።»

እሑድ ቦፋ ነበርኩ። ዳሱ ሸራ ነው፤
ከአዋሽ በኩል ነፋስ እየመጣ ያርገበግበዋል።
መብራት ጠፍቷል። ኦርጋን ያመጣው ልጅ
ገመዱን ታቅፎ ቁጭ ብሏል።
ሚጀና ሙጫውን አሸት አሸት አርጎ፣
መቃኛውን ጠምዝዞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
ጀመረ።
ሙሽራው ተወደሰ፣ ሙሽሪት፣ ሚዜዎች፤
ወጣቱ ረገደ፣ እልል አሉ ሴቶች።
እኔ ግን ዳገቱን ሰማሁ። ስሚንቶውን።
ያኔ ያልወጣው ድምፅ፣ የተዋጠው ሁሉ፣
በሰባ ዘለላ ይወጣል በሙሉ።

መቶ ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ፤
«ተቀበል!» አልኩና ግጥሙን ጠበቅኩ፣
ከራሴ። አልመጣም።
ሚጀና ደጋኑን አየር ላይ አቁሞ
ጠበቀኝ። ጠበቀኝ።
ከዚያ ዝም ያልኩትን ተቀብሎ መታው።

ማታ ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ
በሳሳ ጭራ ዝንቡን ይከላከላል።
ፊቱን አላዞረም።
«እንዴት ነበር?» አለኝ።
«ጮኸ» አልኩት።