የከንፈር እሳት

ማክሰኞ ማለዳ መስታወት ፊት ቆሞ፣
ከንፈሩን ዳበሰ ፊቱን አጨልሞ፤
ትናንት ያልነበረች አንዲት ቀይ ጠብታ፣
ውሃ ቋጥራ አደረች ስታሳክክ ማታ።

ምቹን «እሳት» እንላለን እኛ በኦሩሮ፤
ከቆዳ ሥር ተኝቶ፣ ተደብቆ ኖሮ፣
ፀሐይ ሲለበልብ ይነቃል ተማርሮ።

ባሌ ኤፍራይን ቾኬ ጥሩንባ ነፊ ነው፤
ካርኒቫል ሊገባ አራት ቀን የቀረው።
ሃያ ስድስት ዓመት ከንፈሩ አበላን፣
ከንፈሩ ጡብ ገዛ፣ ጣራ ሠራልን።
የባንዱ አለቃ ደውሎ «ትነፋለህ?» አለው፤
«እነፋለሁ» አለ፤
ሲናገር ደማው።

ወሬው ገበያ ላይ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፤
መድኃኒት የማያውቅ ጎረቤት የት ይገኛል?

ዶኛ ሳቱርኒና ነጭ ሽንኩርት ይዛ፣
«ቁስሉን እሺው» አለች፣ ምክሯን እንደ ዋዛ።
አሸሁት፣ ጮኸብኝ፤ ስንት ዘመን ነፍቶ፣
ያን ያህል ቀጭን ኖታ አያውቅም ካፉ ወጥቶ።

ቴዎፊሎ ከበሮው የጥርስ ሳሙና፣
«እኔን አሽሎኛል» እያለ መጣና፣
ኖራ እንደሚቀባ ለቀለቀውና፣
ሲነጋ ያ ከንፈር፣
እንደ ደረቀ ሐይቅ ተሰነጣጥቆ ነበር።

አጎቱ ሴቬሮ፣ ማዕድን ቆፋሪ፣
«የጉድጓዱ ጌታ ነው ቁስሉን ፈጣሪ፤
ሲጋራውን ረስታችሁ ነው፣ አምጡለት» አሉና፣
ሦስት ፓኬት አስገዝተው፣ ሁለቱን አጨሱና፣
አንዱን ለሸክላው ሰይጣን ሰጥተው ገቡ በደህና።

እኔ ግን በጨርቅ በረዶ ጠቅልዬ፣
ለአምስት ደቂቃ ብቻ ካበጠው ላይ ጥዬ፣
ቶሮንጂል አፍልቼ፣ ሲቀዘቅዝ ጥጥ ነክሬ፣
ማር ጠብ አረግሁበት ከማንኪያ ቆንጥሬ።
እጄንም ታጠብሁ፤ ፎጣውን ለየሁ፤
«አትላጠው!» ብዬ ጣቱን ስመታ ዋልሁ።

ዓርብ ሌሊት ስልክ ጮኸ፤ ኒኤቬስ ወለደች፤
ሴት ልጅ፣ የመጀመሪያ፤ ሦስት ኪሎ ሞላች።
ባርኔጣውን ትቶ፣
ገና ሳይነጋ በሆስፒታሉ በር ገብቶ፣
እየሳቀ ሲደርስ፣ ነርሷ ከንፈሩን አይታ፣
«አያት» አለች፣ እጇን ደረቱ ላይ ዘርግታ፣
«ላንተ ትንሽ ቁስል ነው፤ ለአራስ ልጅ ግን አደጋ፣
እንዳትስማት፣ እስኪድን አትጠጋ ወደ አልጋ።»

ለጥሩንባው ሲል ነበር ያ ሁሉ ጩኸቱ፤
ያን ጊዜ ዝም አለ። ቆሞ ከመስኮቱ፣
መስታወቱን በትንፋሽ ጉም አለበሰው፤ በጣቱ
ጥሩንባ ሣለላት። ወዲያው ጠፋ ከፊቱ።

ቅዳሜ ጎዳናው በሰይጣን ሲሞላ፣
ዓይኑ በፈጠጠ፣ ቀንዱ በቀላ፣
ኤፍራይን ነበረ ከባንዱ ከኋላ፣
ሁለት የነሐስ ሳህን ሲያጋጭ የዋለው።
ጥሩንባውን ቢለምኑት፣ «ለሌላ አፍ አልሰጠው፤
እሳት አበድሬ አላውቅም» ነው ያለው።

በአሥረኛው ቀን ሾርባ ሲጠጣ፣
ቅርፊቷ ወደቀች፤ ከሥሯ አዲስ ቆዳ ወጣ።
ዶኛ ሳቱርኒና «ሽንኩርቱ ነው» አለች፤
ለሽንኩርቷም ዋጋ ድንች ተቀበለች።
ቴዎፊሎ «ሳሙናው»፤ አጎትየው «ሲጋራው»፤
እኔ ስለ ማሩ ዝም አልሁ፤ ጊዜ ይሆናል የሠራው።

ያን ማታ ከአምፖሉ ሥር አስቀምጦኝ ቆመ፤
«መነጽርሽን አድርጊ፣ በደንብ እዪው» እያለ ደገመ።
አየሁት። ድኗል።
ለሙከራ፣ መጀመሪያ እኔን ሳመ።

በማግስቱ ልጅቷን አቀፋት። ኖታ እንደሚጀምር፣
ከንፈሩን አሹሎ ጎንበስ ሲል ወደ ግንባር፣
ከመንገድ ላይ ቀረ፤ ተወው።
አንዱን ካልሲዋን አወለቀ፣
እግሯን ሳመው።