የቀለም ቀቢው ግድግዳ

የሰው ቤት አነጣለሁ፤ እንጀራዬ ነው ቀለም፣
ከሃዴራ እስከ ቄሳርያ ያልቀባሁት ሳሎን የለም።
ጥፍሬ ስር ኖራ አለ፣ ጫማዬ ላይ ኖራ፤
ያለምወርቅ ትስቃለች፦ «ደመና ረግጠህ ነው የመጣህ ከሥራ?»

እኔ ቤት ግን፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ በማታውቀው በሰሜኑ ጎን፣
ከልጆቹ ቁም ሣጥን ጀርባ፣
መጀመሪያ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ፣ ቀጥሎ እንደ ሳንቲም፣
ከጥር ዝናብ ማግስት መዳፍ አክሎ
ጥቁር ነገር ይወጣል።
ሻጋታ የማውቀው ዳቦ ላይ ነበር፤
ቆርሰህ ትጥላለህ፣ የቀረውን ትበላለህ።
ግድግዳ ተቆርሶ አይጣልም።

ኤልያሳፍ ስድስት ዓመቱ ነው።
ሌሊት ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ድመት አለች፣
በር የምትቧጥጥ፣ ቀጭን።
እናቱ ጀርባውን ታሻለች፤
እኔ ሰማያዊዋን የአስም መንፊያ ከነጭምብሏ ይዤ
«ሳብ፣ የኔ ጌታ፣ እስከ አስር» እላለሁ።
እኅቱ ኦዴሊያ ከላይኛው አልጋ
ሳትነቃ ታስላለች፣ ልክ እንደ ተቀባይ።

ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ጠየቀች፤
ኦዴሊያ ተረጎመችልኝ (ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የቤታችን አፍ እሷ ናት)፦
«አባ፣ ቤታችሁ ውስጥ ኦቬሽ አለ ወይ ትላለች።»
«ምንድን ነው እሱ?»
«ያ... ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው። የኔ ካርታ።»
ካርታ ነው የምትለው። ለደሴቶቹ ስም አውጥታላቸዋለች።

በረኪና ገዛሁ። ልጆቹን ጎረቤት ልኬ፣ አፌን በጨርቅ አስሬ
ፈተግሁት፤ ጠፋ።
በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ፣
ዕቃ እንደ ረሳ ሰው።

የቤቶቹ ኩባንያ «ማክሰኞ ሰው እንልካለን» አለ።
ሰኞ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
እንግዳ ሊመጣ ነው። እንዲህ ወዳለ ቤት?
አያጸዱም ይለናል። አያውቁበትም ይለናል።
ይሉኝታ ክፉ ነው፣ ከሻጋታም ይከፋል፤
ያ ከግድግዳ ላይ፣ ይህ ከአጥንት ያርፋል።
በውድቅት ተነስቼ ባልዲዬን ከፈትኩ፣
ሁለት እጅ ነጭ ቀለም፣ ገመናዬን ሸፈንኩ።
ሰውየው መጣ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤
«እንከን የለም» ብሎ ጻፈ።
እኔም፣ ሞኙ፣ አመሰገንኩት።

በዚያው ሌሊት የቀለሙ ሽታና እርጥበቱ ተጋብተው
ኤልያሳፍን ሆስፒታል አስገቡት።
ያለምወርቅ ምንም አላለችም።
እጄን ብቻ አየችው። ጥፍሬን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።
ስሰማው ኖሬያለሁ፣
ለሌላ ሰው የተባለ እየመሰለኝ።

አሁን የካቲት ነው። እንደገና ሰው ይመጣል።
ቀለሙ ተፈርፍሮ ደሴቶቹ ብቅ ብለዋል፣
አንድ አዲስም ተጨምሯል፣ ገና ስም የለውም።
ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ፣ ከበሩ አጠገብ፤
እኔና እናታቸው ከካርታው ስር።
ቁም ሣጥኑን ወደ መሐል ጎትቻለሁ። አልጠረግሁም።
ባልዲዬንም ታች ላለችው ለራይሳ
«እስኪያልፍ ደብቂልኝ» ብዬ ሰጥቻለሁ።
ኦዴሊያ የሐኪሟን ደብዳቤ ትለማመዳለች፣
ከባድ ቃል ላይ እየቆመች፣ እየተመለሰች።

በሩ ተንኳኳ።
«ግባ» አልኩት። «ቤታችን ይህ ነው።
ጫማህን አታውልቅ። ቅረብ።
አይ፣ እዚያ ጋ አይደለም፤
እዚህ፣ የልጁ ትራስ የነበረበት ጋ።»