ቀለበ

ካርቶኑ ሲቀደድ ሁለት ዱላ ወጣ፤
ሦስት ኳስ፣ ቀይ ስፌት፤
ቆዳ ቆዳ የሚሸት አንድ ጓንት አብሮ መጣ።
ዘበኛው ዱላውን በእጁ መዘነና፣ «ለሽመል ያጥራል፤
ለወጌሻ ግን ሥራ ያመጣል» አለ።
ርእሰ መምህሩ «ቤዝቦል ነው» ብሎ፣ የሚያውቀው እዚያው አለቀ።
መምህር ልየው ብቻ፣ ያማርኛው፣
ዲማ ቅኔ ቤት ሰባት ክረምት በውርጭ የደቀቀ፣
«ተዉት፣ ለኔ ክፍል ነው» አለ፤ «ሰዋስው ነው የመጣ።»

ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት አሰመረ፦
ስም። ግስ። አገናዛቢ።
ስሙን ጠራነው፦ ዱላ፣ ኳስ፣ ሜዳ፣ ጓንት፤
አንማው «ሩር» ሲል፣ የገናዋን ሩር፣ እሷንም ጻፈለት፤
«ይች አክስቱ ናት።»

ቢቸና ላይ ጨዋታውን የሚያውቅ የለም። ከካርቶኑ ሥር አንድ ወረቀት፤
ፍላጻ፣ አራት ማዕዘን፣ ሲሮጥ የተሣለ ሰውዬ አለበት።
ከሱ ነው ግስ ያወጣን፦
ወረወረ። መታ። ሳተ። ሮጠ። ቀለበ። ሰረቀ።
«ሰረቀ?» አለ ጥጋቡ፤ «ምን አግኝቶ ሰረቀ?»
«ወርዋሪው ዞር ሲል፣ ሯጩ፣ ቀጣዩን ማረፊያ።»
«ሌባ ነዋ!»
«ሌባስ ሌባ ነው፤ ግን ይጨበጨብለታል።»
ክፍሉ ተንጫጫ። መምህር ጠመኔውን በጥፍሩ አሾለ፦
«በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁት ሰውዬው ሌባ ነው፤
በንጉሡ ሠ ከጻፋችሁት፣ ግእዙን ስሙት፣ ፀሐይ ነው፣ ወጣ ነው።
አቧራውን አራግፎ ሲነሣ ፊቱን አይታችሁ ፍረዱ።»

ደግሞ ሯጩ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ሲገባ
«ቤት መታ» ብንል፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሣቀ፦
«ዘጠኝ ሰው እያሳደደው ቤት መታ!
እናንተን ማን አሳደዳችሁ፣ ግጥማችሁ ቤት የማይመታ?»

አገናዛቢን ግን ያስተማረን ሜዳው ነው።
ማረፊያችን የማዳበሪያ ጆንያ፣ በአራት ድንጋይ የተያዘ፤
ጥጋቡ ዓይኑን ጨፍኖ መታው፤
ኳሱ ባሕር ዛፉን ዘሎ ካያ እንዳላማው ጤፍ ገባ።
«ኳሳችን!» አልን ባንድ አፍ።
«ጤፌ» አሉ እሳቸው።
«ኳሳችን ነው፣ አያ።»
«ጤፌ። ድንበሬ። ያባቴ።»
መምህር ከኋላችን ቆሞ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፦
«ድንበር ድንበሬ ሲሆን፣ በዚያች ባንዲት ቅጥያ፣
እዚህ አገር ስንት ሰው አልቋል። ጻፉ።»
ደብተር አልያዝንም ነበር። አልጻፍንም።
ኅዳር ላይ አጨዳው ሲያልቅ ራሳቸው አመጡት፣
በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣ እንደ እንቁላል፤
«እንኩ፣ ልጃችሁን» አሉ።

ይታይሽ አትመታም። አትሮጥም። ቆማ ትጠብቃለች፤
የመጣውን ትቀልባለች፤
ዝቅ ብሎ የመጣውን፣ ፀሐይ ውስጥ ተደብቆ የመጣውን።
ጓንቱ ውስጥ በእስክሪብቶ የሰው ስም አለ፣ በፈረንጅ ፊደል፣
ላብ ግማሹን የበላው።
«የማን ነው?» ስንላት
«እጁን ረስቶ የሄደ ልጅ» ትላለች፤
ጓንቱን ስታወልቅ ጣቶቹ የሱን አያያዝ እንደ ያዙ ይቀራሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቆላ ወርዳ፣ እሑድ ማታ
የሳምንት ስንቅ በጀርባዋ ዳገቱን ትወጣለች፤
ኪራይ ቤቷ ሁለት ወንድሞቿ፣ አንዱ ሦስተኛ፣ አንዱ አንደኛ ክፍል፣
ከደጅ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ።
ይኼን አናውቅም ነበር። ወይም እናውቅ ነበር፣
ግስ መሆኑን ነው ያላወቅን።

የፈተና ቀን፦ «ቀለበ የሚለውን በዓረፍተ ነገር አስገቡ።»
አርባ ሦስት ተማሪ፣ አርባ ሁለት ኳስ።
እሷ፦ «ወንድሞቼን ቀለብሁ።»

መምህር ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ቆየ።
ወረቀት አዳዩ እኔ ነበርሁና አየሁት፤
ከሥሩ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ልክ ነው። ባለቤቱን ግን አመልክቺ፤
ወርዋሪው ማነው?»

በነጋታው ወረቀቱን መለሰችው፣
በእርሳስ፣ መስመሩን ሳትጠብቅ፦
«ወርዋሪውን አላየሁም፣ የኔታ።
ኳሱ ሲመጣ ነው ያየሁ።»